ውሃ ገብቶበት የማያውቅ ሰፈር

ይድረስ ጆሃንስበርግ ላለው ወንድሜ ለሚኪያስ።

ሚኪዬ፣ እንዴት ነህልኝ? መጀመሪያ ጤናህን ልጠይቅ፣ ነገሩ ይደርሳል። ያ ካርቶን ስታነሳ የሚይዝህ ወገብ ለቀቀህ? እናንተ ጋ ብርድ ገብቷል አሉ፤ ትለብሳለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ደረትህን ከፍተህ ነው የምትዞረው? ባለቤትህ ውዳሴስ እንዴት ናት? ትንሹ ናሆም አማርኛ ይሰማል ወይስ እሱንም ፈረንጅ አደረጋችሁት? ሱቁስ? መስኮቱ ላይ ብረት አስገባ ብዬህ ነበር፤ አስገባህ ወይስ «እሺ» ብለህ ዝም አልክ? እኛ ጋ እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል። ባለቤቴ ኤሌኒም ደህና ናት። እኔ ጸጉር ቤቴን ከፍቼ እውላለሁ፤ የሰው ጸጉር እንደሁ ኑሮ ተወደደ ብሎ ማደጉን አላቆመም። ልጅህም ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ ደህና ናት፤ አልታመመችም፣ አልጠፋችም። ግን የምጽፍልህ ስለሷ ነው።

ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ። ስልክ አላምንም። የማወራህ የቤታችን ነገር ነው፣ የቤት ነገር ደግሞ አየር ላይ አይለቀቅም። ሱልጣን ነገ ወደናንተ ስለሚበር በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ታውቀዋለህ፣ የባለሱቁ የጀማሉዲን የእህት ልጅ ነው። ፖስታውን በማስቲሽ ጥርቅም አድርጌ አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ፣ ለአጎቱ እኔ አለሁለት።

ነገሩ ይኸውልህ። ጸደንያ በመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ አባታችን የሰራውን ቤት ክረምት ክረምት ውሃ የሚገባበት ቤት ብላ ጽፋለች። ይውጣ አልኳት። አላወጣም አለች። አንተ ጋ ደውላ አለቀሰች፣ አንተም «አጎትሽ ያለሽን ስሚ» አልካት። አመሰግናለሁ፣ ለኔ ስትወግን ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተገለባብጧል፤ ስለዚህ ከስሩ ልንገርህና ፍርዱን አንተ ስጥ። ቤቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ የአንተም ነው።

መጀመሪያ ስለ ዩኒቨርሲቲው ልንገርህ። አንተ ስትሄድ ኮሌጅ ነበር፣ ያ ቆርቆሮ አዳራሽ፣ ዝናብ ሲዘንብ መምህሩ ዝም ብሎ የሚጠብቅበት። አሁን ብታየው አታውቀውም። መስታወት በመስታወት ሆኗል። ፀሐይ ስትመታው ከላፍቶ ታክሲ መያዣ ድረስ ዓይንህን ያጠፋሃል። ሊፍት አለው፤ ከተመረቀበት ቀን ውጪ ሰው ይዞ ወጥቶ እንደሆነ ግን ልጅህን ጠይቃት። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው ትልቁ ማሽን እስከዛሬ ከነላስቲኩ ነው አሉ፤ የሚያስነሳው ሰውዬ ለስልጠና ውጭ አገር ሄዶ በዚያው ቀረ። ታፔላ ግን እንደ ጉድ ይሰቀላል። ይሄኛው ማስተርስ፣ ያኛው ዶክትሬት፣ ይሄ ደግሞ የልህቀት ማዕከል። መምህሩ ግን ያው አንዱ ሰውዬ ነው! ጠዋት እዚህ ያስተምራል፣ ከሰዓት ለቡ የግል ኮሌጅ ያስተምራል፣ ቅዳሜና እሁድ በመኪናው ሰው ያመላልሳል። አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተና የሚሉት መጥቷል። ልጁን ዓመታት አስተምረው ሲያበቁ መማሩን ሌላ ሰው ይፈትሽላቸዋል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ራሱን ካላመነ እኔ በምን ዕዳዬ ነው የማምነው?

ይሄን ሁሉ ከአየር አላመጣሁትም። የጸዲ መምህር፣ ሉቃስ የሚባለው፣ እኔ ጋ ነው የሚቆረጠው። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ብዙ አይዋሽም። አንድ ቀን «ይሄ ሁሉ ተማሪ የሚጽፈው ጥናት የት ነው የሚሄደው?» አልኩት። «መደርደሪያ» አለኝ። «ከመደርደሪያስ?» ስለው «ከመደርደሪያማ ወዴት ይሄዳል ጋሼ ደምሰው፣ እዚያው አቧራ ይለብሳል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አቧራ የሚለብስ ነገር ለመጻፍ የሰው ደጅ መጥቶ ማንኳኳት ምን አመጣው? ወይ ይሄ ሰው እየዋሸኝ ነው፣ ወይ ወረቀቱን የሚፈልገው ሌላ ሰው አለ። እንዲህ ነው የማስበው፣ ታውቀኛለህ።

መጋቢት ላይ አንድ እሁድ ረፋድ ከቤት ስወጣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ቀለምና ብሩሽ ይዘው በየበሩ ቁጥር ይጽፋሉ። አንዱ ደግሞ ባለ ሶስት እግሯን የመለኪያ ካሜራ ወንዙ ዳር አቁሞ ባንድ ዓይኑ ያያል። ሚኪዬ፣ ቀለም በር ላይ ሲቀባ እዚህ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ እውቀት ነው። ቀለም ከተቀባ ዶዘር እየመጣ ነው ማለት ነው፣ በቃ። ሌላ ትርጉም የለውም። ሽማግሌው አባ ሮበሌ፣ ሰፈሩ እርሻ ሳለ ጀምሮ ያሉት፣ ካሜራዋን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይቺን ዕቃ አውቃታለሁ፤ መጀመሪያ የቆመችው ገብስ ማሳዬ ላይ ነው። ያንን ገብስ አላጨድኩትም» አሉኝ። ጎረቤታችን ዓለሚቱማ ሰው እስኪነግራት አልጠበቀችም። መሰላል አቁማ የማድ ቤቷን ቆርቆሮ በገዛ እጇ መንቀል ጀመረች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ዶዘር ካጨማደደው በኋላ ማን ይገዛኛል?» እያለች ምስማሩን በጥርሷ ይዛ ትነቅላለች። ሰው የገዛ ቤቱን ቀድሞ አፍርሶ ቆርቆሮውን የሚያተርፍበት ዘመን ላይ ደርሰናል፣ ይህን እወቅልኝ።

ልጮህባቸው ጠጋ ስል ብሩሹን የያዘችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የአንተ ልጅ! የገዛ በራችን ላይ ቁጥር ትጽፋለች። «ምን እያረግሽ ነው አንቺ?» አልኳት። «ጋሼ፣ የጠየቅነውንና ያልጠየቅነውን ቤት ለመለየት ነው፤ ውሃው በክረምት የት ድረስ እንደሚመጣ እያጠናን ነው» አለችኝ። ማን ላካችሁ ብላት መምህራችን አለች። «እሱንስ ማን ላከው?» ስላት ብሩሹን መልሳ ቀለሙ ውስጥ ነከረች። አየህ፣ እሷም አታውቅም። እነሱ የማህበረሰብ አገልግሎት ይሉታል። ያገለገሉት ማህበረሰብ ቆርቆሮ እየነቀለ ነው!

ያን ዕለት ነጭ ጋዝ በጨርቅ ይዤ የሰፈሩን ቁጥር በሙሉ ጠረግኩት። ከዚያ እድር ተሰበሰበ፣ ተነስቼ ተናገርኩ። እንደምታውቀኝ ተናገርኩ። «ቀለም ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ውሃ ይገባብኛል ያለ ሰው ለቤቱ ማፍረሻ ምክንያት በገዛ አፉ አቀበለ ማለት ነው። ሲጠይቋችሁ ውሃ ገብቶ አያውቅም በሉ፣ ሁላችሁም፣ በአንድ አፍ» አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። በኔ ንግግር ብቻ እንዳይመስልህ። ዓለሚቱ ተከራዮቿ እንዳይሸሹባት ነው፣ ጀማሉዲን ዱቄቱና ስኳሩ ውሃ ጠጥቷል እንዳይባል ነው። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው፣ እኔ ሰበብ ሆንኩላቸው።

ልጆቹ እንደገና መጥተው በየበሩ ጠየቁ። ሰፈሩ ጉድ ሰራቸው። ባለፈው ክረምት ጀማሉዲን ጆንያውን በጀርባው ተሸክሞ በኛ ግቢ በኩል ሲያሸሽ ባትሪ ይዛ ያበራችለት ጸዲ ናት። ያቺኑ ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየ «ውሃ? የምን ውሃ ነው የምታወሪው የኔ ልጅ?» ብሎ ማስቲካ ሰጣት። እኛ ጋ የመጣችው የጸዲ ጓደኛ ቤተልሄም ነበረች። «ይሄ ግቢ እንደ ጠጠር የደረቀ ነው» ስላት እማዬ ከውስጥ ሰምታ «ደምሰው፣ እንግዲያው አልጋዬን ከብሎኬቱ ላይ አውርድልኛ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። እኔም ሰዓት እንደረፈደበት ሰው ወጣሁ።

ከዚያ ሉቃስ ሊቆረጥ መጣ። «ጋሼ ደምሰው፣ ሰፈራችሁ እኮ በረሃ ሆነብን» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። እኔም ሆዴ ውስጥ የቆየውን አወጣሁት። «ባለፈው ስለ ቆሻሻ ጠይቃችሁን ሄዳችሁ። ከዚያ በፊት የናንተው ሰዎች መጥተው ክንዳችንን ጠፍረው ደም ግፊት ለክተው ሄዱ፤ የማን ከፍ እንዳለ እስከዛሬ የነገረን የለም፤ ከተለካነው ሁለቱ ሞተዋል። ከኛ ወስዳችሁ ለኛ የመለሳችሁት አንድ ነገር ጥራ። ይሄንን ግን ሳታስገቡት በፊት እድር ላይ፣ በአማርኛ፣ እኛው ፊት ታነቡታላችሁ» አልኩት። ይከራከረኛል ስል «ልክ ነህ፣ እናነባለን» አለኝ። እንዴት እንደተጠራጠርኩ አትጠይቀኝ። ቶሎ የሚስማማ ሰው ያስፈራኛል።

አነበቡት። እድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረው የሰፈሩን ካርታ በመብራት አወጡበት። ልጅህ ቆማ ተናገረች፤ መቼም አፏ ከኔ ነው የተወሰደው፣ አንተ እንዲህ አትናገርም። ወንዙን አሳየችን፣ ከላይ ከኮንዶሚኒየሙና ከአዲሱ አስፋልት የሚወርደው ውሃ በየት በኩል እንደሚመጣ አሳየችን። ከዚያ ቤቶቹን አወጣች። ውሃ የማይገባበት ቤት ነጭ፣ የሚገባበት ሰማያዊ። ወንዙ ዳር ያለው ቤት በሙሉ ነጭ። ከመሀል አንድ ቤት ብቻ ሰማያዊ። ማን ቤት? የኛ!

 ከዚያ ጀማሉዲን፣ የእድሩ ዳኛ ነው እሱ ደግሞ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ «ደምሰው፣ ወንዙ ምን አድርገኸው ነው አንተን ብቻ የሚፈልግህ?» አለ። ሳቁን ልነግርህ አልችልም። አባ ሮበሌ እንኳን ከዘራቸውን ጥለው ሳቁ። እኔ ብድግ አልኩና «ደረቅ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ! ማን ነው የለወጠው?» አልኩ። ጸዲም «ጋሼ የተናገርከው ተጽፏል። ግን ጠያቂው ያየው ነገር ካለ ያየው ይጻፋል። የሌላውን ሰው ቤት በክረምት ገብቼ አላደርኩበትም። የኛን ግን ኖሬበታለሁ» አለች። እኔ ያስተማርኩት ሰፈር እኔን ብቻ ለውሃው አሳልፎ ሰጠኝ። ጉድጓዱን አርቄ ቆፍሬው ኖሯል።

ቤት ስንገባ ጦርነት ሆነ። ነገሩን በሁለት በኩል ተመልከተው። ነገ አንድ ክፉ ሰው ያንን ወረቀት ከመደርደሪያ ቢያነሳው የሚፈርሰው የኛ ቤት ብቻ ነው። ደግ ሰው ቢያነሳው ደግሞ፣ ወንዙ ዳር የድንጋይ ግንብ ይሰራ ይላል ጥናቷ፣ ለአንድ ቤት ብሎ ግንብ የሚሰራ መንግሥት የት አገር ነው ያለው? በሁለቱም በኩል ተበላን። ስለዚህ አውጪው አልኳት። «ካወጣሁትማ ይሄ ሰፈር ውሃ ገብቶበት አያውቅም ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። ሐምሌ ሲመጣ እማማን ማን ይሸከማታል?» አለችኝ። «እኔ! እስከዛሬስ ማን ተሸከማት?» አልኩ። ከዚያ ነው ላንተ የደወለችው። አንተ ያልካትን ስትሰማ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ብስራተ ገብርኤል፣ ጓደኛዋ ቤተልሄም ጋ ሄደች። እማዬ ምሳ አልበላም አለች። ኤሌኒም አኮረፈችኝ። በገዛ ቤቴ ብቻዬን ትክክል ሆኜ ቁጭ አልኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። የክረምቱ አይደለም፣ መንገድ የሳተ ዝናብ ነው። ግን ከላይ አስፋልቱ ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ በሰፈሩ መሀል ወረደ። ጸጉር ቤቴን ዘግቼ ስሮጥ ሰፈሩ በሙሉ ውጪ ነው። ዓለሚቱ ጣሪያ የሌለው ማድ ቤቷ ውስጥ ድስቶቿን እያነሳች ትረግማለች፤ ማንን እንደምትረግም አልጠየቅኩም። ጀማሉዲን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጆንያ ጠረጴዛ ላይ ይጭናል። የራሱን ቃል እንዳይረሳው ብዬ «ጀማሉዲን፣ ይሄ የምን ውሃ ነው?» አልኩት። ዞሮ አየኝና «አንተ አይደለህ እንዴ የለም በሉ ያልከን?» አለኝ። ወደ ቤት ሮጥኩ። ውሃው የኛ ደጃፍ ላይ ደርሶ፣ ደፉን ልሶ ቆመ። እማዬ አልጋዋ ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። «ልጅቷ ትምጣ» አለች።

ታክሲ ይዤ ብስራተ ገብርኤል ሄድኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ አልዋሽህም። «ሰዎቹ ቃላቸውን ቢያስተካክሉ ትለውጪዋለሽ?» ነው ያልኳት። «ራሳቸው ከነገሩኝ እለውጣለሁ» አለችና ፌስታሏን ይዛ አብራኝ ተመለሰች። ሌላ እድር አስጠራሁ። ቆሜ ደረቅ በሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ አሁን ያያችሁትን ተናገሩ አልኩ። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። እንዲህ ነው ሰው፣ ለውሸት ሲሆን ያጨበጭባል። በመጨረሻ የተነሳችው ዓለሚቱ ናት፣ ተከራዮቿ ከኋላዋ ተቀምጠው። «ውሃ ይገባብኛል። ደግሞ ከነሱ ምን እደብቃለሁ፣ ጫማቸው ሲንሳፈፍ ያዩት እነሱ ናቸው!» አለች። ተከራዮቹ ሳቁ። ማንም አልለቀቀባትም። ከሷ በኋላ አባ ሮበሌ፣ ከዚያ ሌሎችም ተናገሩ። ጀማሉዲን ግን አልተናገረም። የኛ ረድፍ አሁን ሰማያዊ ሆኗል፣ ከመሀል የጀማሉዲን ሱቅ እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ይቅር፣ የራሱ ጉዳይ ነው።

አሁን ዩኒቨርሲቲውን አመንከው ወይ ብትለኝ፣ አላመንኩም። ሉቃስ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሉቃስ ነገ ሌላ አገር ሥራ ያገኛል፣ ወረቀቱ እዚህ ይቀራል። ማን እንደሚያነሳው አላውቅም። ቤታችን በገዛ ልጃችን እጅ ተጽፎ መቀመጡን ዛሬም አልወደድኩትም። ግን ውሃውንም አላምነውም፤ እንዲያውም ከዩኒቨርሲቲው የባሰ ነው የማላምነው። በወረቀቱ የመጣ ሰው ደጄ ላይ ያገኘኛል፣ እከራከረዋለሁ፣ እጮህበታለሁ። ውሃን ግን ምን ብለህ ትከራከረዋለህ?

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ሰፈር ውስጥ ስለ ቤቱ እውነቱን የተናገረ አንድ ሰው ነበር፣ እሷም የአንተ ልጅ ናት። ለዚያ ብለህ አይደለም እንዴ እዚያ ብርድ ውስጥ ቆመህ የምታስተምራት? ተምራ የተኛችበትን ክፍል እንድትዋሽ ከሆነማ እኔ ጋ ጸጉር ቤት ትቀመጥ፣ ውሸቱን በነጻ አስተምራታለሁ።

ጽሑፉን የምታስገባው የፊታችን ሳምንት ነው። ሁሉን አስተካክላ ጨርሳለች፣ የኛን ቤት ግን እስካሁን አልወሰነችም። «አባቴ አውጪው ብሎኛል፣ ያንተን ቃል እጥሳለሁ፣ የሱን ግን አልጥስም» ነው የምትለኝ። እንግዲህ የያዛት ያንተ ቃል ነው፣ የኔ አይደለም። ይሄ ደብዳቤ ሲደርስህ ሳትውል ሳታድር ንገራት። እኔ ይቆይ ብያለሁ። አንተም እንዳየሽው አስገቢው በላት።

ውዳሴን ሰላም በልልኝ፤ ልጇ በኔ ቤት አልከሳችም በላት፣ የሄደችባቸውን ቀናት በኔ አትቁጠርብኝ። ናሆምን ግንባሩን ሳምልኝ። አብሮህ ሱቅ የሚሰራውን ነገሪን ሰላም በለው፤ ግን የመዝጊያውን ቁልፍ አንተው ያዝ፣ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። እማዬ እግዚአብሔር በደህና ያገናኘን እያለች ነው፤ ልትስምህ ስትል ሁልጊዜ እንደምታደርገው የእጇን መዳፍ ስማለች። ኤሌኒ ሰላም ብላሃለች፣ አሁን ታርቀናል። ዓለሚቱም ሰላም ብላሃለች፤ ቆርቆሮዋን መልሰን መትተንላታል፣ ግማሹ ምስማር ጠፍቶ አዲስ ገዛን። አባ ሮበሌ ወንድምህ መጥቶ ይየኝ ይላሉ። ጀማሉዲንም ሰላም በለው ብሎኛል፤ አላደረሰልኝም እንዳይል ጽፌዋለሁ። ጸዲ መጻፌን አታውቅም።

ወንድምህ ደምሰው
ላፍቶ፣ ወንዙ ዳር፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.